የከፈተው ይዝጋው

«ቆይ፣ ዕቃ ልንገዛ መጥተን በር ላይ እንከፍላለን እንዴ? ዳቦ ቤት ስሄድ ዳቦውን ለማየት ከፍዬ አላውቅም!»

ቮንዳ ስቶክስ ናት። ድምፅዋ የሰንጢ ገበያ ከቆመበት አዳራሽ በር ተነስቶ መኪና ማቆሚያው ድረስ ይሰማል። በሩ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ትኬት ቆራጭ ግን ይሄንኑ ነገር ከጠዋት ጀምሮ ከየሚስቱ አፍ ስትሰማ ስለዋለች ፊቷ ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

«የኔ ቆንጆ፣ ለሰው አምስት ዶላር ነው። ልጆች በነፃ ይገባሉ።»

«ይሄኛው ልጅ ነው» አለች ቮንዳ ባሏን እያመለከተች። «ቁመቱን አትይው።»

ባሏ ዴልመር አልተቀየመም። ከኋላ የቆሙትን ሰዎች ዞር ብሎ ይቅርታ በሚመስል ፈገግታ እያያቸው ነበር። በመጨረሻ ቮንዳ ከራሷ ቦርሳ አውጥታ ከፈለችና ጣቷን ደረቱ ላይ ተከለች።

«ይሄ የኔ ነው፣ ከሃምሳ ዶላርህ ላይ አይቆጠርም። ሃምሳው ግን ሃምሳ ነው፣ ሰምተሃል? ሃምሳ አንድ ሆኖ ካገኘሁት ያንን ሳጥንህን ግቢያችን በር ላይ ዘርግቼ ላላፊ አግዳሚው ነው የምሸጠው። ጣሪያው እላያችን ላይ እያፈሰሰ ሰውየው ቢላዋ ይለቅማል!»

«ሃምሳ» አለ ዴልመር።

ቮንዳ ደግሞ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። የዓሣ ማጥመጃ ጀልባውን እንዲሁ ብላ ሸጣዋለች። ገዢው ሲጭነው ያገዘው ራሱ ዴልመር ነው።

ዴልመር ስቶክስ እዚያው ምሥራቅ ቴነሲ፣ ተራራው ሥር ባለችው ከተማ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ቀኑን ሙሉ በሰው ግቢ ክዳን ከፍቶ፣ ቁጥር አይቶ፣ ክዳን ዘግቶ፣ ከውሻ ጋር ተፋጦ ይውላል። ጤነኛ ሰው ነው። አይጠጣም፣ አይሳደብም። አንድ በሽታ ብቻ አለበት። ሰው ቤት መግባት አይከብደውም፤ መውጣት ነው የማይሆንለት።

ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንደገባ ልንገራችሁ። አንድ እሑድ መንገድ ላይ ሽንት አጣድፎት ገባ። ከሽንት ቤት ሲወጣ ቄሱ በሩ ላይ ጠበቁትና «ድምፅህ ወፍራም ይመስላል» አሉት። ምን ይበል? መዘምራን መሃል ገብቶ ቆመ። እስካሁን እዚያው ቆሟል። ድምፁ ደግሞ ወፍራም አይደለም።

ሌላ ጊዜ የሥራ ባልደረባው አባት ሞተው ለቀብር ሄደና ሬሳ የሚሰናበቱበት ቤት ውስጥ ክፍል ተሳሳተ። የማያውቀው ሬሳ፣ የማያውቃቸው ለቀስተኞች። ገና ሊወጣ ሲል አንዲት አሮጊት ክንዱን ይዘው «መጣህልን፣ ልጄ» ብለው አለቀሱ። ያን ቀን ዴልመር የማያውቀውን ሰው ሬሳ ሳጥን ተሸክሞ ዳገት ወጣ። አልፎ ተርፎም ስለ ሟቹ አንድ ቃል እንዲናገር ጠየቁት። ተናገረ። ጥሩ ተናገረ አሉ።

ያገባውም እንዲሁ ነው። ቆጣሪ ሊያነብ የቮንዳ እናት ግቢ ገባ። እናትየው ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አቀረቡለት። በላ። በማግስቱ እናትየው ቆጣሪው ልክ አይመስለኝም ብለው አስጠሩት። ቆጣሪው ልክ ነበር። እሱ ግን ቆጣሪ ሊያነብ ገብቶ ሙሽራ ሆኖ ወጣ። አማቱም አሁን አብረውት ይኖራሉ፤ ጣሪያው የሚያፈሰው እሳቸው ክፍል ውስጥ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ስንት ባልዲ እንደሞላ ይነግሩታል።

ሰንጢ የመጣው በዚህ ሁሉ መሃል ነው። ባለፈው መከር አንድ ሰው ግቢ በር ላይ አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ ሲሸጥ ቢጫ እጀታ ያለው የኪስ ሰንጢ አየ። ማንም ግዛ አላለውም። ማንም ክንዱን አልያዘውም። ሦስት ዶላር ከፍሎ ኪሱ ከተተና መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ከፈተው፣ ዘጋው፣ ከፈተው። ከዚያ ወዲህ ስድስት ጨምሯል። ሰባቱንም የዓሣ መንጠቆ ሳጥን ውስጥ አድርጎ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዥ ውስጥ በመኪና መወልወያ እስኪያበሩ ድረስ ያሻቸዋል። ያ ሳጥን ነው እንግዲህ ሃምሳው ሃምሳ አንድ ከሆነ የሚሸጠው። ዛሬ ለአዋቂ ላሳይ ብሎ መኪናው ኋላ ላይ ይዞታል።

አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር ጠረጴዛ ነው። አረንጓዴ ጨርቅ፣ ጨርቁ ላይ ሰንጢ፣ ከሰንጢው ኋላ ሽማግሌ። ቮንዳ አንዴ በዓይኗ ቃኝታ «ሁሉም አንድ ነው» አለችና የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞች የተቀቀለ ኦቾሎኒ ወደሚሸጡበት ጥግ ሄደች። ዴልመር ከበሩ በስተቀኝ ያለው የመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ ቆመ። ሲያልፍ ሽማግሌው ቀና ብለው ስላዩት ማለፍ ነውር መሰለው።

ሽማግሌው ኸርሸል ታኬት ይባላሉ። የከሰል ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሆዳቸው ከጠረጴዛው ቀድሞ ደንበኛ የሚቀበል ሰው ናቸው። ፊታቸው ካርቶን ቆሟል፤ በእጅ ተጽፎበታል፦ «ሳትጠይቅ አትንካ። ያደማ ገዛ።»

አጠገቡ የቆመ ሰው ካርቶኑን አንብቦ ሳቀ። ዴልመርም ሳቀ። ቀልድ ይሁን ሕግ ግን አልገባውም። እንዳይጠይቅ ደግሞ አዲስ መሆኑ ሊታወቅበት ነው።

«የትኛውን ወደድክ፣ ልጄ?» አሉ ኸርሸል።

ቡናማ የአጥንት እጀታ ያለውን፣ ባለ ሁለት ስለቱን አሳየ። ዋጋ አልጠየቀም። ሰንጢ ወዳዶች ዘንድ ዋጋ ቀድሞ አይጠየቅም፤ ልጅቷን ሳያዩ ጥሎሽ እንደመጠየቅ ነው። ይሄን ከቤተ መጻሕፍት በተዋሰው መጽሐፍ ውስጥ አንብቧል።

«ዓይን አለህ» አሉ ኸርሸል። «ይሄን የሠራው ፋብሪካ አባትህ ሳይወለድ ነው የተዘጋው። አንድም ቀን ኪስ ውስጥ አላደረም። ሞረድ አይቶ አያውቅም። ፖም እንኳ አልላጠም። ድንግል ነው በለው። እንካ፣ ክፈተውና ስማው።»

ዴልመር በጥፍሩ ስቦ ከፈተው። ቷ! አለ።

«ሰማኸው? ይሄ ይናገራል። የዛሬዎቹ ያንሾካሹካሉ።»

እዚህ ላይ ዴልመር ሰንጢውን መልሶ ዘግቶ፣ አመስግኖ ቢሄድ ኖሮ እኔም የማወራላችሁ አልነበረኝም። ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር፤ የግራ አውራ ጣቱን አንስቶ ስለቱ ላይ ቀስ አድርጎ ሳበ። ሞረድ ያላየ ነው ሲሉት ዱልዱም መስሎት ነው።

አልነበረም።

መጀመሪያ ቀዝቀዝ አለው። ከዚያ ሞቅ አለው። ከዚያ ካርቶኑን ድጋሚ አነበበ። ያደማ ገዛ። እጁን ጭብጥ አድርጎ ሱሪው ኪስ ውስጥ ከተተ። ስለቱ ሥር አንዲት የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ቀርታለች፤ ያንን ጎን ወደ ሆዱ አዞረው።

ቀኝ እጁ ላይ ክፍት ሰንጢ። ግራ እጁ ኪስ ውስጥ፣ እየደማ።

«በጣም ጥሩ ነው፣ ጋሼ» አለና ሰንጢውን ወደ ኸርሸል ዘረጋ።

ኸርሸል እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። «ኧረ እንዴት ሆኖ! የከፈተው ይዝጋው። አንዱ የከፈተውን ሌላው ከዘጋው መሃላቸው ጠብ ይገባል። አባትህ አልነገረህም?»

«ነግሮኛል» አለ ዴልመር። አባቱ ስለ ሰንጢ አንድም ነገር ነግሮት አያውቅም።

«ጨርቁም ላይ ክፍቱን አታስቀምጥብኝ። እሱም ጥሩ አይደለም።»

«አላስቀምጥም።»

ያ ሰንጢ ደግሞ ሞላው የአህያ መንጋጋ ነው፤ በአንድ እጅ አይዘጋም። መስጠት አይቻል፣ ማስቀመጥ አይቻል፣ መዝጋት አይቻል። ይዞ መሄድ ሌብነት ነው። እንዲሁ ቆመ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ሰንጢውን በአድናቆት የሚያይ መሰለ።

ኸርሸል ይሄን ሲያዩ ልባቸው ተነካ። ዘንድሮ ቆሞ የሚያይ ሰው የት ይገኛል? ወንበራቸውን ሳብ አደረጉና ጀመሩ። ሰንጢውን ከየት እንዳገኙት፤ ያገኙበት ሰው የሁለተኛ ሚስታቸው አጎት መሆኑን፤ ሁለተኛ ሚስታቸው ከሐሞት ጠጠር ሐኪሟ ጋር መሄዷን፤ ጠጠሩን ግን በጠርሙስ አድርጋ ለእሳቸው ትታ መሄዷን።

«ጠርሙሱ አሁንም አለ» አሉ።

«አይ ጋሼ፣ ያሳዝናል» አለ ዴልመር። ኪሱ ውስጥ ጨርቁ ረጥቦ ጭኑ ላይ መጣበቅ ጀምሯል።

ከኋላው ሰው በዛ። አንዱ ትከሻው ላይ ዘንበል ብሎ «ወንድሜ፣ ስትጨርስ እኔም ልየው» አለው።

«እሺ፣ አሁን» አለ። ምኑን ነው አሁን?

ሰንጢውን ቀበቶው ላይ ደገፍ አድርጎ በአንድ እጁ ገፋው። ስለቱ ትንሽ ጎንበስ አለና ተመልሶ ተቃና። ሌላ ጊዜ ገፋ። ኸርሸል የሐሞቱን ታሪክ አቁመው አዩት።

«ሆድህ ላይ ልትዘጋው ነው እንዴ?»

«አይ፣ ሚዛኑን እያየሁ ነው።»

«ሚዛን!» ኸርሸል ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ዞሩ። እዚያ ሎኒ የሚባል፣ ባርኔጣው ላይ የዓሣ መንጠቆ የሰካ ቀጭን ነጋዴ ተቀምጧል። «ሎኒ፣ ሰውዬው ሚዛን ያያል! አንተ አሥር ዓመት ስትሸጥ ሚዛን አይተህ ታውቃለህ?»

«እኔ የማየው ኪሳቸውን ነው» አለ ሎኒ። «የሱ ደግሞ እጅ አለበት።»

ዴልመር ሳቀ። ላቡ ከአንገቱ ወደ ጀርባው ወረደ። በወሬው ሦስተኛ ሚስት መጣች፤ እሷ ደግሞ ፒያኖ ነበራት። ፒያኖው በየትኛው በር እንደገባና በየትኛው በር አልወጣም እንዳለ ኸርሸል በእጃቸው እየለኩ አስረዱ። ዴልመር ፒያኖው ገባው። ከሁሉም የገባው እሱ ነው።

«ገና አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ነህ?»

ቮንዳ ናት። ትኩስ ኦቾሎኒ የሞላ የወረቀት ኩባያ ይዛለች፤ ውሃው ጣቷ ላይ ይንጠባጠባል። «ያዝልኝ፣ እጄን አቃጠለኝ።»

ዴልመር ቀኝ እጁን አየ፤ ሰንጢ አለበት። የግራውን አላየም።

«ያዝ እንጂ!»

«እ… ቆይ።»

«ኪስህ ውስጥ ምን ይዘሃል?»

«ምንም።»

ቮንዳ ዓይኗን አጠበበች። «ዴልመር። ሌላ ብር ይዘህ መጥተሃል አይደል? ከሃምሳው ሌላ። ለዚህ ነው ጨብጠህ የቆምከው።»

«ብር አይደለም፣ ቮንዳ።»

«እስቲ አውጣው!»

«አላወጣም» አለ። ሰውየው አላደርግም ሲል ቮንዳ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ኩባያውን የኸርሸል አረንጓዴ ጨርቅ ላይ ዷ አድርጋ አስቀመጠችና ክንዱን ይዛ ጎተተች። እጁ ወጣ። እስከ አንጓው ቀይ ነው።

ከዚያ ሎኒ ብድግ ብሎ ሁለት እጁን አፉ ላይ ደግኖ ጮኸ።

«ተሸጠ!»

አዳራሹም ከዳር እስከ ዳር፣ ያየውም ያላየውም፣ «ተሸጠ!» ብሎ መለሰ። ሳቅ ሆነ። አንዱ ሲያጨበጭብ ሌላው ያፏጫል። እነዚህ ሰዎች ሰው በተቆረጠ ቁጥር እንዲህ ይላሉ፤ ድሮም ይላሉ፣ ሁሌም ይላሉ። በዚህ ምክንያት አንድ ሰው ገዝቶ አያውቅም። ዴልመር ይሄ የገባው አሁን ነው። ቀልድ ነው ለካ! እሱም መሳቅ ጀመረ።

ኸርሸል እየሳቁ ፕላስተር ወረወሩለት፤ ቮንዳ አውራ ጣቱ ላይ ጠቀለለችለት። ኸርሸል መጥረጊያ ጨርቅ አነሱና «አምጣው፣ ያዝልኝ ዝም ብለህ፣ ልጥረገው» አሉ። ዴልመር ያዘላቸው፣ እሳቸው ጠረጉ። አንዴ ጠረጉ። ዘይት ጠብ አድርገው ደገሙ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። መሳቃቸውን አቆሙ።

ስለቱ ሥር፣ ጠብታዋ የነበረችበት ቦታ፣ ጠቆር ያለ ነጥብ ቀርቷል። ያ የድሮ ብረት ነው፤ ደም ይበላዋል።

«መቼ ነው የተቆረጥከው?» አሉ ቀስ ብለው።

«እ… ሐሞቷ ጋ ሳይደርሱ።»

«ሐሞቷ ጋ ሳልደርስ!» ኸርሸል ወንበራቸው ላይ ተደገፉ። «ያን ጊዜ ብትነግረኝ በጨርቅ ጠርጌ፣ ስቄብህ፣ እሸኝህ ነበር። ሰማንያ ዓመት ሳይነካ የኖረ ብረት እኮ ነው፣ ልጄ። እኔ ስለ ፒያኖ አወራለሁ፣ አንተ ትደብቀኛለህ?»

ዴልመር ጎንበስ ብሎ ነጥቡን አየ።

«ስለዚህ ምን ይሁን?» አለች ቮንዳ፣ ወገቧን ይዛ። «እዚያ ካርቶን ላይ የጻፉትን ነው የሚያስከፍሉን? በየትኛው ሕግ?»

«ኧረ እመቤቴ፣ እሱ ቀልድ ነው። አላስገድደውም። በቃ፣ ሂድ፣ ልጄ። ዝጋልኝና ሂድ።»

ዴልመር ግን በዚያ በተጠቀለለ ጣቱ መዝጋት አልቻለም። ሲታገል ቮንዳ ትዕግሥቷ አለቀ። ሰንጢውን ከእጁ ነጠቀች፣ መዳፏን ስለቱ ጀርባ ላይ አድርጋ፣ ቷ! ዘጋችው። ማሰሮ እንደምትከድን።

ሎኒ ባርኔጣውን አወለቀ። ኸርሸል እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እመቤቴ! እሱ የከፈተውን? አሁን እኮ በመሃላችሁ ጠብ ይገባል!»

«የት ቦታ አግኝቶ ይገባል?» አለች ቮንዳ። ሰንጢውን ጨርቁ ላይ አስቀመጠች፣ ኦቾሎኒዋን አነሳች፣ ወደ በሩ ሄደች።

ዴልመር ባዶ እጁን ቀረ። ኪሱ ውስጥ ሃምሳው እንዳለ ነው፣ ሳጥኑ ተርፏል፣ በሩ ክፍት ነው፣ ሽማግሌው ሂድ ብለውታል። በሕይወቱ አንድም ቦታ በግልጽ ሂድ ተብሎ አያውቅም። ቄሱ አላሉትም፣ የቀብሯ አሮጊት አላሉትም፣ አማቱማ ጭራሽ። እግሩን አነሳና መልሶ እዚያው አስቀመጠው። ነፃ ወጥቶ ነው የቀረው ወይስ መውጣት አለመቻሉ ነው፣ እኔ እንጃ። እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

«ስንት ነው?» አለ።

«ምኑ?»

«ሰንጢው። ይሄው።»

ኸርሸል ትክ ብለው አዩት። «ጠዋት ሦስት መቶ አርባ ነበር። አሁን ከነነጥቡ ሁለት መቶ።»

«ሃምሳ አለኝ። መኪና ውስጥ ደግሞ ሰባት ሰንጢ አለኝ።»

ሄዶ ሳጥኑን አመጣ። ኸርሸል ሳጥኑን ሲከፍቱ ብርሃኑ ዓይናቸውን መታው። አንዱን አነሱ፣ ሌላውን አነሱ፣ ሁሉም እንደ ማንኪያ ያበራል።

«ማን ነው እንዲህ ያደረጋቸው?»

«እኔ። በመኪና መወልወያ።»

«ውይ!» አሉ ኸርሸል፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው። «የዕድሜያቸውን መልክ እኮ ነው የላጥከው። ይሄ አርባ ያወጣ ነበር፣ አሁን አሥር። ይሄ አሥር። ይሄ… ይሄስ ድሮም ሰንጢ አልነበረም። ሁሉም ተደምሮ ሰባ።»

ቮንዳ ከበሩ ተመልሳ መጥታ ከኋላው ቆማለች፤ ማንም አላያትም። «ሰባቱንም ሊሰጥ?» አለች። «ቢጫውንም?»

«ቢጫውንም» አለ ዴልመር።

ሳጥኑን እሸጣለሁ ስትል የኖረች ሴት አሁን ሳጥኑን አይታ ተናደደች። ለምን እንደተናደደች አላወቀችም፤ ስለዚህ ኸርሸል ላይ ዞረች። «ስሙኝ አባት። ነጥብ ያለበትን ዕቃ ከእሱ ሌላ ማን ይገዛዎታል? ሁለት መቶ? የተበላሸ ነው ያሉት ራስዎ ነዎት፤ አዳራሹ ሙሉ ሰምቷል። ሰባቱን በሰባ ወሰዱ፣ ሃምሳ በእጁ፤ መቶ ሃያ። ካልሆነ ይኸው ጨርቅዎ ላይ ይቀመጥና ለመጪው ሁሉ የሐሞቷን ታሪክ ይንገሩበት።»

ኸርሸል ሎኒን አዩ። ሎኒ ጣሪያውን አየ።

«ከየት አገኘሃት?» አሉ ዴልመርን።

«ቆጣሪ ሳነብ።»

«መቶ ሃያ» አሉ ኸርሸል። ደረሰኝ አወጡ፣ እርሳሳቸውን በምላሳቸው ነካ አድርገው ጻፉ፣ ከዚያ ቀና አሉ። «የመንግሥት ቀረጥ አለ። የጥሬ ገንዘቡን ብቻ ላድርግላችሁ፤ አራት ዶላር ከሰማንያ ስምንት ሳንቲም።»

ዴልመር ቮንዳን አየ። ሃምሳ አራት ከሰማንያ ስምንት ከሃምሳ አንድ ይበልጣል። ይሄን ቆጣሪ አንባቢ ሳይሆን ማንም ያውቀዋል።

ቮንዳ የኦቾሎኒውን መልስ ከጃኬቷ ኪስ አወጣች፤ አራት ብጭቅጭቅ ያሉ የወረቀት ዶላሮችና አንድ እፍኝ ሳንቲም። እየቆጠረች ጨርቁ ላይ ደረደረች። ሁለት ሳንቲም ጎደለ።

«ተይው፣ እመቤቴ» አሉ ኸርሸል።

«አልተውም» አለች። ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠች፤ መሐረብ፣ ቁልፍ፣ የእናቷ መድኃኒት፣ የከረሜላ ወረቀት ወደቀ። ከወረቀቱ ሥር ሁለት ሳንቲም አገኘች፤ አንዷ ተጣብቃ ስለነበር በጥፍሯ ላጠቻት፤ ከዚያ ሁለቱንም የኸርሸል መዳፍ ላይ አደረገች።

«ደረሰኙን ይስጡኝ» አለች።